ያለ ፈቃድ ስለሚቆርጡና ስለሚቀጥሉ ሴሎች የተላለፈ ውሳኔ

ስብሰባው ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት፣ ከማቀዝቀዣዎቹ አጠገብ ባለው ጠባብ ክፍል ተካሄደ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ስለተገኙ፣ አምስተኛውም «በሐሳብ አብሬያችሁ ነኝ» ብለው ስለደወሉ፣ ምልዓተ ጉባኤው ከሚገባው በላይ ተሟልቷል ተባለ።

የተገኙ፦
ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)
የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ በቅጽል ስማቸው ጋሽ ማኅተም
የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዋ
ተመራማሪዋ
የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ (ድምፅ የሌለው፣ በሙከራ ቅጥር ላይ ያለ)

አጀንዳ 1፦ የሴሎቹ ምግብ ከግምጃ ቤት እንዲወጣ የቀረበ ጥያቄ

ተመራማሪዋ እንዳስረዱት፣ በሙቀት ሣጥኑ ውስጥ የሚያድጉት ሴሎች ከአንድ ታማሚ አዛውንት ደም የተወሰዱ ናቸው። አዛውንቱ አርፈዋልና ሌላ አይገኝም፤ የተመራማሪዋ የሁለት ዓመት ልፋትም እነርሱው ናቸው። ምግባቸው የሆነው ቀይ ፈሳሽ ኃይሉ አልቆ ቢጫ ሆኗል። አዲሱ ጠርሙስ ዛሬ ጠዋት ካልወጣ ሴሎቹ ይሞታሉ። ጋሽ ማኅተም ለመፈረም እጃቸው እንደማይሰንፍ ገልጸው፣ ነገር ግን በማመልከቻው ላይ ሴሎቹ ምን እንደሚሠሩ የሚያትተው አንቀጽ እንቅልፍ እንደነሣቸው ተናገሩ። ስለዚህ ምግቡ ይቆይና ይህ ይቅደም ተባለ።

አጀንዳ 2፦ የሴሎቹ ሥራና ጠባይ

ተመራማሪዋ፣ ሴሉ በጂኑ እንዳለ እንደማይጠቀም፣ መጀመሪያ ግልባጭ እንደሚያወጣ፣ ከግልባጩ መሐል የማያስፈልገውን ቆርጦ እንደሚጥልና የቀረውን ቀጥሎ ፕሮቲን እንደሚሠራበት አብራሩ።

«ይጥላል ነው ያልሽው ልጄ?» አሉ ጋሽ ማኅተም።

«አዎ ጋሼ፣ ይጥላል።»

«በማን ፊርማ?»

በዚህ ላይ ረጅም ውይይት ተደረገ። ጋሽ ማኅተም እግሩ የተሰበረ ወንበር ለማስወገድ እንኳ ሦስት ፊርማ እንደሚጠየቅ፣ ወንበሩም እስካሁን በመተላለፊያው ቆሞ ሰው እንደሚያደናቅፍ በኩራት አስታወሱ። ቁራጩ በዓይን የማይታይ ኢምንት ነው ቢባሉ፣ «እንዲያውም ሌባ የሚወደው እሱን ነው» ሲሉ መለሱ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ አንዱ ጂን አንድ ጊዜ እንዲህ፣ ሌላ ጊዜ እንዲያ ተቆርጦ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን እንደሚያወጣ ሲሰሙ፣ ይህ በደንቡ በድርብ ሥራ መገኘት እንደሚባል አመለከቱ። እነዚህ የደም ሴሎች ብዙ ዓይነት በሽታ ለይተው ያውቁ ዘንድ ሲያድጉ የጂናቸውን ክፍሎች ከቦታ ቦታ አዛውረው የገጣጠሙ መሆናቸው ሲነገራቸው ግን እጅግ አዘኑ። እርሳቸው አንዲት ሠራተኛ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ለማዛወር ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ተመራማሪዋ «እትዬ፣ ይህን ባያደርጉ እኮ ጉንፋን ጨርሶን ነበር» ቢሉ፣ ከአጀንዳ ወጥተዋል ተብለው ተገሠጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላም፦
ሀ. ማንኛውም ሴል ቁራጩን ለግምጃ ቤት ሳያስረክብ እንዳይቆርጥ፤
ለ. አንድ ጂን አንድ ፕሮቲን ብቻ እንዲያወጣ፤
ሐ. ሴሎቹ በጽሑፍ መልስ እስኪሰጡ ድረስ ምግባቸው እንዲታገድ ተወሰነ።

ተመራማሪዋ ተቃውመዋል። አምስተኛው አባል በስልክ ደግፈዋል፤ ምን እንደደገፉ አልጠየቁም። ኮሚቴው ለምሳ ተነሣ። ምሳው ዘለግ ያለ ነበር። ተመራማሪዋ አልበሉም።

አጀንዳ 3፦ ውሳኔውን ለሴሎቹ ስለማድረስ

አባላቱ ከምሳ ሲመለሱ ወደ ቤተ ሙከራው አለፉ፤ ጋሽ ማኅተምም የውሳኔውን ደብዳቤ በሙቀት ሣጥኑ በር ላይ ለጠፉ። ተመራማሪዋ ሴሎቹን አውጥተው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ።

«እሺ፣ ምን አሉ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ምን ይላሉ ጋሼ፣ ሞተዋል።»

ጋሽ ማኅተም ሴሎቹ መቁረጡን አቁመው እንደሆነ ጠየቁ። ማቆማቸው ተረጋገጠ። የሰው ኃይል ኃላፊዋም እንዲህ ያለ ፈጣን ታዛዥነት በሠራተኛው ዘንድ አይተው እንደማያውቁ መሰከሩ። ጸሐፊው መሞታቸው ይጻፍ እንደሆነ በትሕትና ጠይቆ፣ «ጻፍ፣ ግን ለስለስ አድርገው» ተብሏል።

በመጨረሻም ተከሳሽ በሌለበት ክስ ስለማይኖር፣ ውሳኔ ሀ፣ ለ እና ሐ ተሽረው፣ ሴሎቹ ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዲቆርጡ፣ እንዲቀጥሉና የወደዱትን ፕሮቲን እንዲሠሩ፣ ምግባቸውም ሳይጓደል እንዲለቀቅላቸው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተመራማሪዋ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለታቸው እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል።

ጋሽ ማኅተም ጠርሙሱን እዚያው ፈርመው አወጡና ተመራማሪዋ የርክክቡን ወረቀት እንዲሞሉ ጠየቁ። ተመራማሪዋም እስክሪብቶውን ይዘው፣ «ተረካቢ በሚለው ላይ ማንን ልጻፍ?» አሉ።

ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳነት ተይዞ ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተዘጋ።