የአያ አዱኛ ጊታር እንዳይጫር

የሰው ዕቃ ቤታችሁ አድሮ ያውቃል? የገዛ ብርጭቆ ሲሰበር እኮ ቀላል ነው። «ክፉውን ይዞ ይሂድ» ብሎ ስብርባሪውን መጥረግ ነው። የሰው ብርጭቆ ሲሰበር ግን ክፉውን ይዞ የሚሄድ የለም። ክፉው እዚያው ቤታችሁ ቁጭ ብሎ ያያችኋል።

ይህ ፍርሃት ከዘር የወረስኩት ነው። አንድ የእንፍራንዝ ሰው ጃንጥላውን እኛ ቤት ረስቶ ሄደ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሊመልስለት መንገድ ሲጀምር ዝናቡ ወረደ። ያውም የሐምሌ ዝናብ። ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ጃንጥላውን በጋቢው ጠቅልሎ በብብቱ ሸጎጠና እሱ ራሱ በስብሶ እንፍራንዝ ገባ። «ምነው ሳትዘረጋው?» ቢሉት፣ «የሰው ነዋ!» አለ። ከዚያ ሲያስለው ከረመ። እኔ እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ነኝ። ከዚህ በኋላ የማወራላችሁን ይህንን እያሰባችሁ ስሙልኝ።

አራዳ ውስጥ መነጽር ቤት አለኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከጭረት ጋር ስታገል ነው። ሰው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ሳይ ከእጁ እቀማዋለሁ። መኖሪያዬ ግን አዘዞ ነው። እዚያ ከእትዬ ዘውዴ ጋር በአንድ ግድግዳ ተጣብቀን እንኖራለን። ባለቤታቸው አያ አዱኛ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበሩ። አብረዋቸው የሠሩ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ጊታሩን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። አሮጌ ጊታር ነው፤ ግን ምን ዓይነት አሮጌ! መልኩ ማር፣ ቨርኒሹ ስስ፣ የእንጨቱ መስመር ሁሉ ከሥሩ ቁልጭ ብሎ የሚታይ። አያ አዱኛ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው አንዲት የድሮ ትዝታ ይመቱበት ነበር። ሌላ ዜማ ይወቁ አይወቁ እንጃ፣ እኔ የሰማሁት ያችኑ ነው። በወጣትነቴ በቀበሌ ኪነት ጊታር ስለነካካሁ፣ እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰምቼ ሰምቼ ያቺን ዜማ ተማርኳት።

ባለፈው ዓመት አያ አዱኛ ዐረፉ። ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ እትዬ ዘውዴ ጊታሩን በነጠላ ጠቅልለው እኛ ቤት ይዘውት መጡ።

«ታዴ፣ ይኸ አንተ ዘንድ ይሁን» አሉኝ። «አደራ።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም። ዐይናቸው እንባ አቀረረና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። «አደራ» ብቻ! ሽጥልኝ ቢሉኝ ገዢ እፈልጋለሁ። ለልጆቼ ላክልኝ ቢሉኝ እልካለሁ። አደራ ሲባል ግን ምን ይደረጋል? ያው እንደ ተረከቡት ማቆየት ነው እንጂ!

መጫወትማ አይታሰብም። ሐዘንተኛ ሴት ከግድግዳው ወዲያ ከል ለብሰው ተቀምጠው እኔ ጊታር ልመታ? የባላቸው ሙት ዓመት እንኳ ሳይደርስ? ሰፈሩስ ምን ይለኛል? ስለዚህ አንድ ጥሩ የብረት ማቆሚያ ገዛሁለት፤ ክንዶቹ ጎማ የለበሱ። ሳሎኑ ጥግ አቆምኩት። ማንገቻውንም ደረቱ ላይ እንደ ሽልማት ጣል አደረግኩለት። አማረልኝ። እውነቴን ነው፣ ቤቴ የተማረ ሰው ቤት መሰለ።

ታዲያ አንድ ቀን ሆቴል ውስጥ ጊታር የሚጫወት ደንበኛ ጥቁር መነጽር ፍለጋ ሱቄ መጣ። አፌን በላኝና ጊታር አለኝ አልኩት። የድሮ ነው ወይ አለኝ። የድሮ ነው። ቨርኒሹ ስስ ነው ወይ? ስስ ነው። ምን ላይ አቆምከው? ማቆሚያ ላይ። ጎማ አለው? አለው። ሰውዬው የሚሞክረውን መነጽር አውልቆ፣ ሐኪም መጥፎ ውጤት ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው «እስቲ ተቀመጥ» አለኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። የድሮ ስስ ቨርኒሽ ደረቀ ሲባል አይደርቅም አለኝ። ጎማና ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ነገር ቀስ እያለ እየወጣ ይበላዋል። መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም የጎማው ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞ ይቀራል። ማንገቻውም ቢሆን ፕላስቲክ ካለበት ወይም ቀለሙ የሚለቅ ቆዳ ከሆነ ላዩ ላይ ተጋድሞ መዋል የለበትም። የቀበቶ ዘለበት ደግሞ ጀርባውን ይቧጭረዋል። ምን ይሻላል ስለው፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በመሀል አድርግ፣ ማንገቻውን ፍታና ለብቻው አስቀምጥ አለኝ። ሲወጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ብዙ አትጨነቅ።»

አትጨነቅ ይለኛል እንዴ? ለማን ነው የሚናገረው?

በቀትር ሱቄን ዘጋሁና የአዘዞ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ «አዘዞ! አዘዞ! የሞላ!» ይላል፤ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። እኔ ውስጤ እየነደደ ነው። እኛ ሰው ስንጠብቅ ጎማው ጊታሩን እየበላው ነዋ! አንዲት ሴት ዶሮ ይዘው ሲገቡ፣ ዶሮዋን በየትኛው በኩል እንያዛት ተብሎ ክርክር ተነሣ። ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ቤት እንደ ገባሁ ጊታሩን ከማቆሚያው ላይ አፈፍ አደረግኩት። አገላበጥኩት። ጎኑ ላይ፣ ልክ የጎማው ክንድ ያረፈበት ቦታ፣ አንዲት የደበዘዘች ነገር አየሁ። መስታወት ላይ ሲተነፍሱ የሚቀረውን ጉም ትመስላለች። በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ዳበስኳት፤ አልሄደችም። ማጉያ መነጽር አምጥቼ አየኋት፤ አጉልቶ አሳየኝ። ባለቤቴን ሰናይትን ጠራኋት። ምንም አይታየኝም አለች። በደንብ እዪ አልኳት። ጊታሩን ትታ እኔን በደንብ አየችኝ።

የጨነቀኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ነጥቧ ከድሮም የነበረች ትሆናለች። የእኔ ጎማ ያመጣት ትሆናለች። በምን አውቃለሁ? የተረከብኩ ዕለት በማጉያ አላየሁትም። እትዬ ዘውዴ «ይህችን ማን አደረጋት?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የሟች ባላቸውን ዕቃ አበላሸሁ ብዬ?

በማግስቱ አጠገቤ ጨርቅ የሚሸጠው ወዳጄ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ጣቃውን ሁሉ እያስወረድኩ በጉንጬ ዳበስኩት። ይሄኛው ሻካራ ነው፣ ያኛው ቀለም ይለቃል እያልኩ አስመረርኩት። «ለሕፃን ነው እንዴ?» አለኝ። «ከሕፃን ይብሳል» አልኩት። ሰይድ በገባው መንገድ ተረዳው። በሳምንቱ ሚስቱ ነጭ የሕፃን ብርድ ልብስ ይዛ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» እያለች በራችንን አንኳኳች። የከፈተችላት ሰናይት ናት። ልጆቿን ድራ የልጅ ልጅ የምትጠብቀው ሰናይት። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። ብርድ ልብሱስ? ምን ልደብቃችሁ፣ ንጹሕ ጥጥ ነበር። እሱም ለጊታሩ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ጊታሩ በጨርቅ ላይ ጨርቅ ተደርቦለት አልጋችን ላይ ከግድግዳው በኩል ተኛ። እኔ መሀል፣ ሰናይት ዳር። «ታቦት አደረግከው እኮ» አለችኝ። «ተሸፍኖ ሰው የማያየው!»

ወንድሟ ጌታሁን ከደባርቅ ሊጠይቀን መጣ። አልጋው ላይ ሲያየው ደነገጠ።

«አያ ታዴ፣ ምነው ይኸን ሸጋ ነገር እንዲህ ገነዛችሁት?»

እስቲ ልንካው አለ። እንግዳ ነው፣ የሚስት ወንድም ነው፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ግን ቀበቶው ላይ መዳፍ የሚያህል ዘለበት አለ። ቀበቶህን ፍታ አልኩት። የሰማውን ማመን አቃተው። እኅቱን አያት፤ እሷ ፊቷን አዞረች። ፈታ። ሱሪው ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሲነሣ ወደ ታች መጣ። በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በአንድ እጁ ጊታሩን ይዞ መሀል ቤት ቆመ።

«አያ፣ ሁለቱን አልችልም። አንዱን ምረጥልኝ» አለኝ።

«ሱሪውን» አልኩት።

ይኸ ሁሉ ቀልድ ይመስላችኋል። እትዬ ዘውዴ ሲመጡ ግን ቀልድ አልነበረም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቅ ይላሉ። ዐይናቸው ቀጥ ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ነው።

«ደኅና ነው?» ይሉኛል።

«ደኅና ነው እትዬ።»

«ምንም አልሆነም?»

«ኧረ በጭራሽ!» እላለሁ። ሄጄ የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አደርጋለሁ። ሰው ነግሯቸዋል እላለሁ በልቤ። ምናልባት ሰናይት! አንድ ጊዜማ «ቤታችሁ ምነው እንዲህ ዝም አለ?» አሉኝ። ልጆቹ የሉም እኮ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ የሚናገሩት ነገር ያላቸው መስለው፣ ሳይናገሩ ሄዱ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

በዚህ ሁኔታ ሙት ዓመቱ ደረሰ። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጡ። ድንኳን ተተከለ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ አሁን ጊታሩን ይጠይቁኛል፣ አሁን በሰው ፊት አምጣ ይሉኛል እያልኩ መውጫውን ሳይ ዋልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ይባስ ጨነቀኝ።

ልጆቹ በሄዱ ማግስት ቆረጥኩ። ጨርቁን ሁሉ ገፍፌ፣ ጊታሩን እንደ ተወለደ አቅፌ እትዬ ዘውዴ ቤት ገባሁ። በሩን ሳልዘጋ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አደራዎን አልጠበቅኩም። ይህችን ይዩዋት፤ ጎማው ይሆናል የበላት።»

ጠጋ ብለው አዩ። ራቅ ብለው አዩ።

«የቷን ነው?»

«ይህችን! ይኸው፣ እዚህ ጋ።»

«እኔስ አይታየኝም። ተወው እስቲ ታዴ። ድምፁስ?»

«ድምፁ ምን ሆነ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አንድ ቀን አሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

እሳቸው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«ለማስቀመጥማ እኔስ ቁም ሳጥን አጥቼ ነው?» አሉ። «ልጆቹ እንውሰደው አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። አንተ ዘንድ ከሆነ ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ ድሮ በኪነት ጊታር ይመታ ነበር፣ አንድ ቀን ያነሣው ይሆናል፣ እኔም እንደ ድሮው ከሰዓት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ ብዬ ነው። ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ዋልኩ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ እትዬ?»

«ምን ብዬ? ባሏ ሞቶ፣ ከሏን ሳታወልቅ፣ ዘፈን አማራት ልባል?»

በጣም አፈርኩ። ከማፈርም በላይ አዘንኩ። እሳቸው በሐዘን ወግ፣ እኔ በአደራ ወግ፣ ግድግዳውን ግራና ቀኝ ይዘን ዓመቱን ሙሉ ዝም ተባብለን ከረምን። ነጥቧን የሚያያት ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቅ አልተመለስኩም። የላሉትን ክሮች አጠበቅኩ፤ ማንገቻውን አስሬ አነገትኩት። ግድግዳው አጠገብ ተቀመጥኩና ያቺን ትዝታ ጀመርኳት። ጣቶቼ ደርቀዋል። መሀል ላይ አንዲት ቦታ አለች፤ እዚያ ስደርስ አምልጣኝ የሌላ ክር ድምፅ ወጣ። ዝም አልኩ። ከግድግዳው ወዲያም ዝም አለ። አበላሸሁባቸው ብዬ ደነገጥኩ።

ከዚያ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ታዴ!»

«አቤት እትዬ!»

ድምፃቸው እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አይለይም ነበር።

«አዱኛም እዚያች ላይ ነው የሚሳሳተው! ዕድሜውን ሙሉ አላስተካከላትም። እንዳትነካት!»

ለካ ስሕተታቸውንም ከዜማው ጋር ተምሬዋለሁ!

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ቀደም ብዬ እገባና እጫወታለሁ። ስለ ቨርኒሹ መጨነቅ ትቻለሁ ማለት ይቻላል። አሁን የያዘኝ ሌላ ጭንቀት ነው። ጊታር በየቀኑ ሲነኩት ጣት ይፍታታል፤ እኔም ሳላስበው እየተሻሻልኩ ነው። ትናንት ያቺን ቦታ ሳልሳሳት አለፍኳት። ከግድግዳው ወዲያ የወንበር ድምፅ እንኳ ጠፋ። ክው አልኩ። ወዲያው ከመጀመሪያው ጀመርኳትና፣ እዚያች ቦታ ስደርስ በደንብ አድርጌ ተሳሳትኩላቸው።