ጋሽ ዘመነና መስማት ያቃተው ኮምፒውተር

በየመሥሪያ ቤቱ ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው ተወዳድሮ የተቀጠረ አይመስለኝም፤ የሕንፃው መሠረት ሲጣል አብሮ የተጣለ ነው። የበር ማጠፊያ ሲጮህ መድኃኒቱን ያውቃል፤ ጨጓራ ሲነድ ያውቃል፤ ላም ስታምጥ ያውቃል፤ የኮፒ ማሽን ወረቀት ሲነክስም ያውቃል።

ቢቸና ውስጥ እኔ በምሠራበት ትምህርት ቤት ይህን ሹመት የያዙት የንብረት ክፍሉ ጋሽ ዘመነ ናቸው። በደመወዝ መክፈያው ላይ «ንብረት ጠባቂ» ይባላሉ፤ እኔ ግን በልቤ «ሊቀ ማእምራን ዘኵሉ ነገር» እላቸዋለሁ። በልጅነታቸው ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቃል አጋጥሟቸው አያውቅም።

እኔ ታዘበው እባላለሁ፤ የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። ዲግሪ አለኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ቀጥሎ የምትሰሙት እንዳያጠራጥራችሁ ነው።

አንድ ሰኞ ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ እፀገነት አስጠሩኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና ምዝገባ እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ በሩ ይዘጋል። ምዝገባው የሚከፈተው በእሳቸው ቢሮ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ምንም አልከፍት ብሏል። አየሁት። ስክሪኑ ላይ፣ የላከው መልእክት አራት ሺሕ ምናምን፣ የተቀበለው ዜሮ።

«ኔትወርክ ካርዱ ነው» አልኩ፣ ወንበር እንኳ ሳልስብ። ባለሙያ ቆሞ ሲናገር ይታመናል።

«ይናገራል፣ ግን አይሰማም ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ዘመነ ከበሩ ላይ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም።

«አዎ።»

«እንግዲያ ደንቆሮ ላይሆን ይችላል። የሚያናግረው ሰው አጥቶ ይሆናል።»

ሳቅሁ። ሳቄን አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

ገመዱ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ጠረጴዛው ሥር ካለች ትንሽ ማከፋፈያ ይገባል፤ ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ንብረት ክፍል ውስጥ ወዳለው ዋና ሳጥን ይሄዳል። የማከፋፈያዋ መብራት አረንጓዴ ስለነበረ ከእሷ ወዲያ ያለው ዓለም አላሳሰበኝም። ሰኞንና ማክሰኞን ካርዱን ሳጠፋ ሳበራ፣ ሶፍትዌሩን ስሰርዝ ስጭን፣ አድራሻውን ስቀያይር ዋልኩ። ዊንዶውሱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫን ስል ወይዘሮ እፀገነት ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቀፉት። «የልጆቹ ስም በሙሉ እዚህ ነው ያለው!»

ጋሽ ዘመነ በየሰዓቱ ብቅ ይላሉ። «ታዘበው፣ ውኃ ሲጠፋ ሰው ከቧንቧው አይጀምርም፤ ከምንጩ ነው። እኔ ክፍል ግባና እይ።»

«ጋሽ ዘመነ፣ ይህ ውኃ አይደለም።»

«ኔት-ወርቅ አይደል የምትሉት? አንተ ሰሙን ይዘህ ተቀምጠሃል። ወርቁ እኔ ዘንድ ነው።»

«ቅኔም አይደለም።»

«ቅኔማ ቢሆን ይገባህ ነበር?»

ማክሰኞ ማታ ስወጣ ወይንእሸት የምትባል ተማሪ በረንዳው ላይ ቆማለች። ባለፈው ዓመት ታማ ፈተናው አምልጧታል። «ቲቸር፣ ስሜ ገባ?» አለችኝ። ነገ ይገባል አልኳት። ልጅቷ አመነችኝ፤ ያ ነው የከበደኝ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ አዲስ ካርድ ልገዛ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። ጋሽ ዘመነ ከጎኔ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ዕቃ ሲገዛ ንብረት ክፍል መኖር አለበት» አሉ። እስከ ደብረ ወርቅ ሾፌሩን ማርሽ አስተማሩት። ከደብረ ወርቅ በኋላ ሾፌሩ ቴፑን እስከ ጥግ ከፈተው።

የሞጣዋ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ጁማና ዝም ብላ የምትሸጥ ሴት አይደለችም። አሮጌውን ካርድ ተቀብላ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ገጠመችው። ጥቂት ጠበቀችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«ወንድሜ፣ ይኸው ይልካል፣ ይቀበላል። ካርድህ ጤነኛ ነው።»

እዚህ ላይ የተማረ ሰው ምን ይላል? እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ። «የሞጣ አየር ተስማምቶት ይሆናል» አልኩ።

ጁማና ጋሽ ዘመነን አየቻቸው። ጋሽ ዘመነ ጣሪያውን አዩ። አልሳቁም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። አዲሱን ካርድ ገዛሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢቸና ገብተን ካርዱን ገጠምኩት። የላከው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፤ የተቀበለው ዜሮ። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ ወይንእሸት አሁንም ቆማለች። ያን ጊዜ ትዕቢቴ እንደ ጨው ሟሟ።

«ጋሽ ዘመነ፣ እስኪ ክፍልዎን ያሳዩኝ።»

ቁልፋቸውን አውጥተው መሩኝ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ዋናው ሳጥን ብልጭ ድርግም ይላል። የእኛ ገመድ ከሳጥኑ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ማን ነቀለው ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት ዓርብ ትዝ አለኝ። ዓርብ ከሥራ በኋላ ላፕቶፔን እዚያ ቀዳዳ ላይ ሰክቼ የሦስት ሰዓት የህንድ ፊልም አውርጃለሁ። ስጨርስ የራሴን ገመድ ጠቅልዬ ወጣሁ፤ የትምህርት ቤቱን መመለስ ረሳሁ። በሩን የከፈቱልኝ ደግሞ ጋሽ ዘመነ ነበሩ።

«ያውቁ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሰኩትም?»

በጣታቸው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። «ከባለሙያ በስተቀር መንካት ክልክል ነው» ይላል። የእኔ ጽሕፈት ነው፤ ከሥሩም ተፈርሞበታል።

«አሥር ሰዓት ቢሞላ ግን» አሉ፣ «ክልከላህን ጥሼ እሰካው ነበር። እስከዚያ ራስህ ብታገኘው ይሻላል ብዬ ነው።»

ሰካሁት። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ የመጨረሻው ስም ተላከ። ወይንእሸት ገብታ ስሟን ስክሪኑ ላይ በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ ጣቷን ሳመች።

ወይዘሮ እፀገነት እፎይ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ችግሩ ምን ነበር?»

ስለ ፊልሙ ከየት ልጀምር?

«ካርዱ ነው» አሉ ጋሽ ዘመነ ቀድመውኝ። «ልጁ ከመጀመሪያውም ብሎ ነበር። የሞጣው አዲሱ ሠራ።»

ሳያውቁ ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል፤ አውቀው የተሳሳቱት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የዓመት ፈቃድ ወጡ። ቢሮው ጸጥ አለ። ፕሪንተሩ ሲበላሽ ማንም ከበሩ ላይ ብቅ አላለም፤ በግማሽ ሰዓት ጠግኜ ጨረስኩ፤ ምንም ደስ አላለኝም። በሦስተኛው ቀን ደወልኩላቸው።

«ምን ተበላሸ?» አሉ፣ ሰላምታ ሳይሰጡ።

«ምንም። ናፍቀውኝ ነው።»

«ስልኩን ወደ አፍህ ጠጋ አድርገው» አሉ። «ጥሩ ነገር ስትናገር ይቆራረጣል።»