የጋሽ ተክለጻድቅ የእንግሊዝ ሰዓት

አሮጌ ዕቃ ገዝቶ እንግዳውን ሁሉ በግድ የሚያስደንቅ ሰው ከዘመድ መሃል አይጠፋም። የኦክላንዱ ጋሽ ተክለጻድቅ ግን የዚህ ወገን ሊቀ ሊቃውንት ናቸው። በርክሌ የሟች ቤት ዕቃ ከሚሸጥበት ከአንድ ኢስቴት ሴል ላይ ያመጡት ጥንታዊ የእንግሊዝ ሰዓት ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ፣ ቤታቸው የገባ ሰው ገና ሳይቀመጥ የሰዓቱ በር ይከፈትለታል።

«ሰዓት እንዳይመስላችሁ፤ ጥበብ ነው!» ይላሉ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ሲፈልጉ ግን ስልካቸውን ነው የሚያዩት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የወርቅውሃ ከመስማት ብዛት የሰዓቱን አንጀት ከራሳቸው አንጀት ይበልጥ ያውቁታል። ቧንቧ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ተምሮ ሄዷል። በር አንኳኩተው ሃይማኖት ሊሰብኩ የመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ ተሰብከው ወጥተዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ነገሩ ከበደ። ልጃቸውን ምሥጢርን ለኩፐርቲኖው ናታን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከሳን ሆዜ መጡ። የሽማግሌዎቹ አፍ የሆኑት አቶ አሳምነው ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጋሽ ተክለጻድቅ፣ የመጣነው...»

«መጀመሪያ ይቺን ይዩልኝ! ሞላው ሲጠብቅ ጉልበተኛ ነው፤ ሲላላ ይደክማል። ታዲያ እንግሊዞቹ ምን አደረጉ? ሰንሰለቷን ሾጣጣ ናስ ላይ ጠመጠሟት። ሞላው ሲደክም ሰፊው ጎን ያግዘዋል። ጂኒየስ!»

«ድንቅ ነው። እና የመጣነው...»

«ሳጥኑ ማሆጋኒ እንጨት ነው። ይንኩት! ኧረ ቀስ!»

«ዳድ፣ ፕሊስ!» አለች ምሥጢር ከውስጥ።

የወርቅውሃ በንዴት ጥርሳቸውን ነከሱ። ባላቸው ጠዋት ሞልተው የጨረሱትን ሰዓት እንደገና ሊሞሉ ቁልፉን ሲያነሡ ግን ገባቸው። ለካ ሰውዬው ማስተማር አምሯቸው አይደለም፤ ጥያቄውን መስማት ፈርተው ነው!

«ተክሌ፣ እስኪ ይናገሩ፣ ተዋቸው» አሉ ዝግ ብለው።

አቶ አሳምነው ጠየቁ። ጋሽ ተክለጻድቅ ልጃቸው ወዳለችበት በር ተመለከቱ።

«እሷ ከወደደች እኔ ምን እላለሁ? ይሁን።»

እልልታው ቀለጠ። ሰው ሁሉ ሲሳሳም ጋሽ ተክለጻድቅ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከንፈራቸው እንደ ሕፃን ሊጣመም ይታገላቸው ጀመር። የወርቅውሃን አላስቻላቸውም። በዕድሜያቸው ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ።

«ለመሆኑ ያቺ ሰንሰለት እንዲያ ቀጥና እንዴት ሳትበጠስ ኖረች?»

ጋሽ ተክለጻድቅ ቀና አሉ። «አየሽ!» ብለው ብድግ!

ሊሄዱ የተነሡት አቶ አሳምነው የመኪና ቁልፋቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ።