ለባሕር የተነሣው ሰው

ትናንት ሌሊት ይርዳው ሕልም አየ። በሕልሙ እሱና ሚስቱ ባንቺአምላክ በረሃው ከባሕር ጋር ወደሚገናኝበት መዝናኛ እየሄዱ ነበር። አውቶቡሱ አፋር ሜዳ ላይ ሲደርስ ደከመኝ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን ደባበሰና፣ «በሉ እንግዲህ፣ እስካሁን እሱ ተሸክሟችኋል፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው» አለ። ተሳፋሪው ወርዶ አውቶቡሱን ተሸከመ። ይርዳው የኋላ ጎማ ደረሰው። በላንድክሩዘር የሚያልፉ ግመሎች ጥሩምባ እየነፉ ዳር ያዙ ይሏቸው ነበር።

ባንቺአምላክ ግን ደስ ብሏት ነበር። ይህች ሴት ከተጋቡ ጀምሮ የምትጸልየው አንድ ነገር ነው፤ «አምላኬ፣ ባሕር ሳላይ አትግደለኝ» ነው የምትለው። ይርዳው አንድ ጊዜ ሐዋሳ ወስዷት ነበር። ሐይቁ ዳር ቆማ አሻግራ አየችና፣ «ማዶው ይታያል» አለችው። ዝዋይም ወሰዳት፤ እዚያም ማዶው ታያት። እሷ የፈለገችው ማዶው የማይታይ ውሃ ነው። እሱም አሳይሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል፣ ቃሉ ግን ውሎ አድሮ እሱን ራሱን ያሳፍረው ጀምሯል።

መዝናኛው ደረሱ። የሆቴሉ ሠራተኞች በሙሉ አልጋ ላይ ተንጋለዋል፤ እንግዶች ሳህን ያጥባሉ፣ አንሶላ ይተኩሳሉ፣ የአስተናጋጆቹን ሻንጣ ፎቅ ያወጣሉ። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠው ጎልማሳ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ፣ «ምን ይዛችሁልኝ መጣችሁ?» አላቸው። ምንም እንዳልያዙ ሲያውቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አሸዋው ላይ የተዘረጉት አልጋዎች ደግሞ ሰው አንጥፈው ተጋድመዋል። ዓሦች ጥላ ሥር ተቀምጠው ወደ በረሃው መንጠቆ ይወረውራሉ። አንዱ ዓሣ ወፍራም ሰውዬ ያዘና ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ «ገና ነው፣ ይደግ» ብሎ መልሶ አሸዋው ውስጥ ጣለው። ሰውየው አመስግኖ ሄደ።

«ባሕሩስ የት አለ?» አለች ባንቺአምላክ።

ፊታቸው ያለው ዓይን እስኪታክት ድረስ አሸዋ ብቻ ነው። ሰዎች የመዋኛ ልብስ ለብሰው አሸዋውን ይቀዝፋሉ። መነጽር ያደረገ፣ ከረባት ያሰረ አንድ ግመል ቀስ ብሎ ቀረባቸው። የዕረፍት ተቆጣጣሪ መሆኑን ነገራቸው።

«ባሕሩ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው» አለ ግመሉ። «በረሃው ተክቶት እየሠራ ነው። ከሰዓት ይመለሳል።»

«እኛን ያገኘናል?» አለ ይርዳው።

«እንደ እናንተ ነው። ባሕሩ ሰው ማስቸገር አይወድም። ሲመጣ ሁሉንም ሰው ተጋድሞ ማግኘት አለበት። አንድ ሰው ከተነሣ አስቸገርኩ ብሎ ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም።»

«ሌላስ ሕግ አለ?»

«ሌላ የለም። መስረቅ ይቻላል፣ መደባደብም ይቻላል። መነሣት ብቻ ነው የማይቻለው።»

ለሌላ ሰው ይህ ሕግ አይደለም፣ ስጦታ ነው። ይርዳው ግን ይርዳው ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ ማለት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ለሽማግሌ ይነሣል፣ ለአሮጊት ይነሣል፣ ሽበቱ ከእሱ ለሚያንስ ሰው ሳይቀር ይነሣል። ሠርግ ቤት ሲነሣና ሲቀመጥ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ሐዘን ቤት አስተዛዛኝ በገባ ቁጥር ብድግ ስለሚል፣ ባለሐዘኑ ሳይደክመው እሱ ይደክመዋል። ባንቺአምላክ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ግመሉ ሕጉን ሲናገር ቀና ብላ ባሏን ያየችው በከንቱ አልነበረም።

አዲስ ገቢ ስለሆኑ አልጋው ላያቸው ላይ ሳይሆን እነሱ አልጋው ላይ እንዲተኙ ተፈቀደላቸው። ተኙ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ያረጀ ዓሣ ከዘራውን እየተመረኮዘ ባጠገባቸው ሊያልፍ መጣ። የይርዳው ወገብ ከአልጋው ተላቀቀ። ባንቺአምላክ ቀበቶውን ይዛ አስቀረችው።

«ወዴት ነው?»

«ሽማግሌ ናቸው እኮ።»

«ዓሣ ናቸው።»

«ቢሆንም።»

ዓሣው በትዝብት አይቶት አለፈ። ይርዳው አፈረ፤ አሸዋው ቢውጠው ደስ ባለው። ቀጥሎ አንደኛ ክፍል ያስተማሩት ጋሽ ደበበ የተማሪ ቁምጣ ለብሰው፣ ደብተር አንግተው መጡ። እፊቱ ቆመው፣ «መምህር፣ አርፍጃለሁ፤ ልግባ?» አሉት። ይርዳው ፎጣውን ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ደበበ ፈቃድ እስኪሰጣቸው ድረስ ቆመው ጠበቁ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ይርዳው በሕልሙ አለቀሰ። ባንቺአምላክ ከዚህ በኋላ ሰውየውን ማመን ተወችና ነጠላዋን አጥፋ እግሩን ከአልጋው ጋር ጠፍራ አሰረችው።

«ትንሽ ነው የቀረን» አለችው። «ለዛሬ ብቻ ባለጌ ሁንልኝ።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«ባንቺአምላክ ትሙት» አለ ይርዳው።

ከሰዓት ባሕሩ መጣ። ከዕረፍት ሲመለስ ሻንጣውን የሚይዝለት ሰው አላገኘም መሰለኝ፣ ራሱ ተሸክሞ ነበር። ሰዉ ሁሉ ተጋድሟል፤ ግመሉም ተጋድሟል። ባሕሩ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ተጠንቅቆ በእግሩ ጣት እየረገጠ ወደ ዳርቻው ተጠጋ። ሰማያዊ ነበር። እየቀረበ በመጣ ቁጥር ከኋላው ያለው በረሃ ጠፋ፣ ከበረሃውም ኋላ ያሉት ተራሮች ጠፉ። ባንቺአምላክ ጫማዋን አውልቃ አንድ እግሯን ከአልጋው ወደ ታች ዘረጋች።

«ይርዳው» አለች በሹክሹክታ፣ «ማዶው አይታይም።»

ይርዳው ባሕሩን ሳይሆን ፊቷን አየ። በሠርጋቸው ቀን እንኳን እንዲህ ያለ ፊት አላየባትም። ውሃው ከእግሯ ጣት አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶት ነበር።

ያን ጊዜ ባሕሩ ሳለ።

የሽማግሌ ሳል ነው። ይርዳው ዞር ብሎ ሲያይ የባሕሩ ራስ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፣ ወገቡም ጎብጧል፣ ሻንጣውንም ገና አላወረደም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ከመንገድ ደክሞ ሲገባ እግሩን ዘርግቶ የሚጠብቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይርዳው ከነታሰረበት አልጋ ብድግ አለ።

«ኖር!» አለ።

ባሕሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። «በእግዜር! በእግዜር! አፈር ስሆን ልጄ፣ ተቀመጥ።»

«እርስዎ ቆመው?»

«እኔ እንዳላስቸግርህ ነው።»

«ኧረ ምን አስቸገሩኝ፤ እርስዎ አረፍ ይበሉ እንጂ፣ በሞቴ።»

«የለም፣ የለም። ደግሞ ለእኔ ብለህ ትነሣ? ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።»

«እኔ ልሙት፣ ይግቡ!»

«አትሙት ልጄ፣ ኑርልኝ» አለ ባሕሩ። ጀርባውን መስጠት ነውር ነውና እጅ እየነሣ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሄደ። እየሄደም ይመርቀው ነበር። ይርዳውም እሱ ባጎነበሰ ቁጥር አብሮ ያጎነብሳል። ምርቃቱ እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ አልሰማ አለ፤ ቦታውም ደረቅ አሸዋ ሆነ።

ግመሉ መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ጠረገ። «ጥሩ አስተዳደግ ነው» አለ። «ያሳዝናል።»

ባንቺአምላክ አልጮኸችም። የዘረጋችውን እግር አልሰበሰበችውም። ይርዳው ሊያጽናናት ወደ እሷ ዞረ፣ እሷ ግን ቀድማ ተናገረች።

«ይርዳው፣ ለሰው ሁሉ ትነሣለህ» አለችው። «ለእኔ የምትነሣው መቼ ነው?»

መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ነቃ።

ነግቷል። እግርጌው ላይ ሻንጣ ተከፍቷል፤ ባንቺአምላክ ከጎረቤት የተዋሰችውን ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ልብስ ታጥፋለች። እየዘፈነች ነበር።

«አሁንም ልትደብቀኝ ነው?» አለችው እየሳቀች። «ሰምቻለሁ እኮ። የፋብሪካችሁ የዘንድሮው የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ለአንተ ነው ተብሏል። ትናንት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያስጠሩህ ለዚህ አይደል? ማታ እስክትነግረኝ ብጠብቅ ዝም አልክ። ልታስደንቀኝ ፈልገህ ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ።»

የሰማችው እውነት ነው። ዱቄት ፋብሪካው በየዓመቱ አንድ ሠራተኛ ከነባለቤቱ ባሕር ዳርቻ ያሳርፋል። ትናንት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ይርዳውን አስጠርተው፣ ዘንድሮ አንተና ባለቤትህ ናችሁ አሉት። ይርዳው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ለእኔ አይገባም፤ ከእኔ የሚብስ ሰው አለ» አለ። ሰው እንዲህ ይላል፤ ከዚያ «በሞቴ» ይባላል፣ እምቢ ይላል፣ ደግሞ «አፈር ስሆን» ይባላል፣ ያን ጊዜ እሺ ይላል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ቢሆኑ ኖሮ በግድ ይሰጡት ነበር። አዲሱ ግን ያደጉት ውጭ አገር ነው። ተነሥተው እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡና፣ እንዲህ ያለ ቅን ሰው አይቼ አላውቅም አሉት። እሱ «በሞቴ» እስኪባል ቆሞ ሲጠብቅ፣ ስልኩን አንሥተው ሌላ ሰው አስጠሩ። የተጠራው ሰው ሲገባ ይርዳው በሩን ይዞለት ነበር።

«ለእህቴም ደውዬ ነግሬያታለሁ» አለች ባንቺአምላክ። ከዚያ አንድ አረንጓዴ ቀሚስ አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረች። አዲስ ነበር።

«ጨው ውሃ ቢነካው ቀለሙ ይለቃል እንዴ?»

ይርዳው ቀሚሱን አየው።

«አይለቅም» አላት።