የአባ ኤሊ እትብት

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፣ ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ የሌላችሁም አትዘኑ፤ ስብሰባ መምራት ትችላላችሁ።

ከረጅም ዘመን በፊት፣ ሾላ በር በሚባል ዱር፣ አንበሳው በእርጅና ሞተ። አራዊቱም "ከእንግዲህ ንጉሥ በቃን፣ በጉባኤ እንተዳደራለን" ብለው ተስማሙና አባ ኤሊን ሊቀ መንበር አድርገው መረጡ። የመረጡት ዕድሜውን አይተው ነው። ብልህ ይሁን አይሁን ማንም አላጣራም፤ ቀስ እያለ ስለሚናገር ብቻ የሚያስብ ይመስላቸው ነበር።

አባ ኤሊ መጀመሪያ ያረቀቀው ሕግ እትብቱ በሾላ በር አፈር ያልተቀበረ በጉባኤው ላይ አይናገርም፣ ድምፅ ለመስጠትም የፊት እግሩን አያነሳም የሚል ነበር። "እትብት ማለት ክብር ነው!" ሲል ሁሉም አጨበጨበ። ሕጉ ጸደቀ።

በዚያው ሰሞን በቆላው ድርቅ ገባና ስደተኞች መጡ። ከነሱ አንዷ እመት አህዪት ነበረች። ባሏ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቶባት፣ የመጨረሻ ወሯን ይዛ ነው የደረሰችው። እዚያው ሾላ በር ውስጥ ሴት ውርንጭላ ወለደች። የልጇንም እትብት በኮቴዋ ቆፍራ፣ ሦስት ምስክር አቁማ፣ ትልቁ ሾላ ሥር ቀበረች። ሕጉን ሰምታ ነበራ!

ዓመት ሳይሞላ ድርቁ ሾላ በርም ደረሰ፤ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆነ። አራዊቱ ስለ ወንዙ መድረቅ አራት ቀን ሙሉ ተወያዩ። እመት አህዪት ግን ወደ ወንዙ ወርዳ አሸዋውን ስትቆፍር ዋለችና ውሃ አገኘች። የቆላ አህያ ይህን ከእናቷ ነው የምትማረው።

ጉባኤው አመሰገናት፤ ወዲያውም የውሃ ተራ አወጣ። አገሬው ይቅደም፣ መጤው ይከተል ተባለ። መጤዎቹ ተራቸው ሲደርስ ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠብቃቸው ጭቃ ነበር። እመት አህዪት ያን ጭቃ ስትልስ ከርማ ወተቷ ነጠፈ። ልጇ ስትመነምን ጊዜ አላስችል ብሏት ጉባኤው ፊት ቆመች።

"አባ፣ አንድ ነገር ልናገር" አለች።

"እትብትሽ የት ነው የተቀበረው?"

"እናቴ መንገድ ላይ ነው የወለደችኝ።"

"እንግዲያው መንገዱ ይስማሽ" አላት አባ ኤሊ። ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ።

አያ ዝንጀሮ ብቻ አልሳቀም። የአገሩ ተወላጅ ቢሆንም ብዙ ዓመት ሹመት ሲያልፈው ስለኖረ የሌላው በደል ቶሎ ይሰማው ነበር። በነጋታው መጤዎቹን ሰብስቦ "የማይናገር አይቆፍርም!" የሚል መፈክር ሰጣቸው። መፈክሩ ደስ አላቸው፤ በየቀኑ አሸዋውን የሚያወጡት እነሱ ነበሩና ቁፋሮውን አቆሙ። በሁለት ቀን አሸዋው ተንዶ ጉድጓዱን ደፈነው። ከርከሮ በአፍንጫው ሊቆፍር ሞክሮ አሸዋ ጠግቦ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን የተጠማው ጉባኤ ተጠራ።

አያ ዝንጀሮ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኛ ሕጉ ይሻር አንልም" አለ። "ሕጉ ለሁሉም ይሁን ነው የምንለው። እያንዳንዱ ተነስቶ እትብቱ የተቀበረበትን ያሳይ።"

ከርከሮ ቁጥቋጦውን አሳየ፤ ድኩላ ቋጥኙን አሳየ። ተራው ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሲደርስ አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

"የርስዎስ፣ አባ?" አለው ድኩላ በትሕትና።

ከድንጋይ ልብሱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። "እኔ... ከእንቁላል ነው የወጣሁት።"

"እና እትብት የሌለዎት ሆነው ነው ሕጉን ያረቀቁት?"

"ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ልጄ። ሁላችሁም ስትኮሩበት ስሰማ ትልቅ ነገር መሰለኝ። ምንድን ነው ብዬ እንዳልጠይቅ ደግሞ አፈርኩ።"

ጅግራዎቹና እርግቦቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አዞም አይኑን ጨፈነ። ለካ የጉባኤው እኩሌታ እንቁላል ኖሯል!

ያን ጊዜ ሕጉን መቅደድ ቀላል ነበር፤ የቀደደው ግን የለም። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም የእንቁላል ቅርፊት እንደ እትብት እንዲቆጠር፣ አያ ዝንጀሮ የመጤዎች ጉዳይ ኃላፊ ሆኖ ከሊቀ መንበሩ ጎን እንዲቀመጥ፣ እዚህ የተወለዱ የመጤ ልጆችም አድገው እንዲናገሩ ወሰነ።

"ድል አድርገናል!" አለ አያ ዝንጀሮ ከአዲሱ መቀመጫው ላይ።

"እኔስ?" አለች እመት አህዪት።

"ልጅሽ አለችልሽ አይደል እንዴ፣ እመት! ትንሽ ብቻ ታገሺ።"

ታገሠች። ጉድጓዱን መልሳ እየቆፈረች፣ ከጭቃው እየጠጣች ሦስት ዓመት ታገሠች። ልጇን ጉባኤ ፊት ቀጥ ብላ መቆም፣ ሳትንቀጠቀጥ እግሯን ማንሳት፣ ቃል ሳትውጥ መናገር አስተማረቻት። እንደ ቆላ አህያ ስታናፋ ከሰማቻት ትቆጣት ነበር። "እንደ አገሬው ተናገሪ፤ እንዳይስቁብሽ" ትላታለች።

ልጅቷ መጀመሪያ በጉባኤ የተቀመጠች ዕለት ሌሎች ስደተኞች ከቆላ መጥተው ዱሩ ጫፍ ላይ ውሃ እየለመኑ ቆመው ነበር። ከመካከላቸው የእመት አህዪት ታናሽ እህት ነበረች፤ ከንፈሯ በጥማት ተሰነጣጥቋል።

"አይዞሽ፣ እህቴ" አለቻት እመት አህዪት። "የምትናገረው የራሳችን ልጅ ናት።" ለመስማትም ወደ ጉባኤው ዳር ጠጋ ብላ ጆሮዋን አቆመች።

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ድምፅዋ ያምር ነበር።

"የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት! ይህን ጉድጓድ እናቴ በኮቴዋ ቆፍራዋለች። ደምታበታለች፤ ጭቃ ጠጥታበታለች። እናቴ የደከመችበትን ውሃ ትናንት የመጣ ሁሉ ሊጠጣው ነው ወይ? በሩ ይዘጋ!"

እንዲህ ያለ ጭብጨባ በሾላ በር ተሰምቶ አያውቅም። አባ ኤሊ እንኳን አንገቱን እስከ መጨረሻው አውጥቶ ነቀነቀላት።

"ልጄ፣ አክስትሽ እኮ ናት!" ብላ ጮኸች እናትየው።

"የመናገር መብት የሌላት ሥርዓት ትያዝ!" አለ አባ ኤሊ።

"እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" አለች ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እግሮች ተነሱ፤ በሩ እንዲዘጋ ተወሰነ። የመጤዎች ጉዳይ ኃላፊው አያ ዝንጀሮ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ።

እመት አህዪት እግሯን እየጎተተች ወደ እህቷ ተመለሰች። እህቷ ከሩቅ ሆና የሰማችው ጭብጨባውን ብቻ ነበርና ፊቷ በርቶ ጠበቀቻት። "እንዴት አጨበጨቡላት! ምን አለችልን?"

"እንዲሰሟት ነበር የደከምኩት" አለች እመት አህዪት። "ምን እንደምትላቸው ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም።"