ገብረወልድ ፎቶ ማጉያ ሲመርጥ

[ድሬዳዋ፣ 1976 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የነጋዴዋ የሃሊሞ ሳሎን። ሃሊሞ ከየት እንዳመጣቻቸው የማይጠየቁ ሁለት የፎቶ ማጉያዎች፣ አንዱ የራሻ አንዱ የጃፓን፣ ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ፣ "ፊናንሶች አይተው ዕቃውን እንዳይወርሱ መስኮት አትክፈቱ" ብላ ወጥታለች። ገብረወልድ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነው፤ ፈረንሳይኛ ስለሚችል የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም፤ ማን ደፍሮ ይንገረው! የጎረቤቱን የሙመድን ልጅ የቱሪያን ሠርግ በካሜራው ያነሳው እሱ ነው፤ ፊልሙንም ራሴ ቤቴ ውስጥ አጥቤ አትማለሁ ብሎ፣ እስከዚያ ሙመድ እንዲያስቀምጠው ሰጥቶታል። ሙመድ አጠገቡ ተጋድሞ ጫቱን ይቀነጥሳል።]

ገብረወልድ፦ የራሻውን ነው የምወስደው አልኩህ! ክብደቱን አላየህም?

ሙመድ፦ አቦ፣ በኪሎ ነው እንዴ የሚመረጠው?

ገብረወልድ፦ ከባድ ዕቃ አይንቀጠቀጥም። ካልተንቀጠቀጠ ፎቶው ጥርት ይላል። መመሪያው ላይ በፈረንሳይኛ ተጽፏል።

ሙመድ፦ የራሻ ዕቃ በፈረንሳይኛ?

ገብረወልድ፦ [መመሪያውን ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ እውነትም ራሽያኛ ነው፤ አንድ ፊደል አያውቅም] ሳይንስ ቋንቋው አንድ ነው! አትዘባርቅ።

ሙመድ፦ ሀዬ፣ ይሁን። እና ይሄ ሰው ያሳድጋል?

ገብረወልድ፦ ፎቶውን! ጥፍር የምታህለውን ፊልም የግድግዳ ያህል ያደርጋታል።

ሙመድ፦ ቱሪያን የግድግዳ ያህል? ወላሂ አልፈልግም! ልጅቷ ከነገ ወዲያ በባቡር ደወሌ፣ ባሏ ጋ ትሄዳለች። እናቷ ከትራሷ ሥር የምታስቀምጣት አንዲት ትንሽ ፎቶ ነው የፈለገችው። ቀንና ሌት እሷኑ ነው የምትጠይቀኝ።

ገብረወልድ፦ ላንተ ከማስረዳት ለግድግዳው ማውራት ይሻላል።

ሙመድ፦ የት ልትተክለው ነው?

ገብረወልድ፦ መኝታ ቤት። አልጋውን አወጣሁ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈንኩ። ጨለማ ክፍል ይባላል።

ሙመድ፦ አሰገደችስ?

ገብረወልድ፦ ሚስቴማ በረንዳ ላይ ተኝታለች። ድሬ አይደል? ሁሉም በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው።

ሙመድ፦ ሌላው በሙቀት ነው፣ በፎቶ አይደለም። እኔ የምልህ፣ መብራት ሲጠፋ ጨለማውን በነፃ እናገኝ የለ?

ገብረወልድ፦ መሣሪያው በመብራት ነው የሚሠራው!

ሙመድ፦ እና ጨለማውን የምትሠራው መብራት ለማብራት ነው?

ገብረወልድ፦ ኧረ በፈጠረህ! ስማኝ። ያልታጠበ ፊልም ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ብርሃን ነው። ቅንጣት ብርሃን ካየ አለቀለት፣ ልጅህ አላገባችም በለው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። የሚታጠብበት ውኃ ከሃያ ዲግሪ ማለፍ የለበትም።

ሙመድ፦ ድሬ ውስጥ ሃያ ዲግሪ የት አለ? የኛ ቧንቧ ውኃ እኮ ሻይ ለመሆን ስኳር ብቻ ነው የጎደለው።

ገብረወልድ፦ በረዶ እገዛለሁ።

ሙመድ፦ ገብሬ፣ እኔ ፈራሁ። ከዚራ ሰፈር ላለው ለሽሬ ፎቶ ቤት ብንሰጠውስ?

ገብረወልድ፦ ሽሬ! አንድ የፈረንሳይኛ ቃል የማያውቀው ሰውዬ! እንደ ልጄ የማያትን ቱሪያን ለሽሬ? ይልቅ ፊልሙን ወዲህ በል።

ሙመድ፦ [ከሽርጡ እጥፋት ያወጣል] ይኸው። ግን...

ገብረወልድ፦ ግን የለም! የትኛው ማጉያ እንደሚስማማው አሁን እንለካዋለን። ኤጭ፣ አይታየኝም። [የሃሊሞን ማስጠንቀቂያ ረስቶ መስኮቱን ብርግድ ያደርገዋል። የድሬ ፀሐይ ዘው ትላለች። የፊልሙን ጫፍ ይዞ እስከ መጨረሻው ይመዘዋል፤ ወደ ብርሃኑም አንስቶ ያየዋል።]

ሙመድ፦ ገብሬ።

ገብረወልድ፦ ዝም በል፣ እያየሁ ነው!

ሙመድ፦ የመጀመሪያው ጠላት ማን ነበር ያልከኝ?

[ገብረወልድ ባለበት ይደርቃል። ፊልሙን ያያል፣ መስኮቱን ያያል፣ ሙመድን ማየት ግን ያቅተዋል። ምንጣፉ ላይ ዘጭ ይላል።]

ገብረወልድ፦ ወይኔ ጉዴ! ሙመድ፣ ቱሪያን አጠፋኋት! እናቷን በየት ዓይኔ ነው የማያት?

ሙመድ፦ አንተ፣ ታለቅሳለህ እንዴ?

ገብረወልድ፦ ተወኝ! ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነህ፣ እውነቱን ልንገርህ። ስለ ፎቶ የማውቀው ነገር የለም። ከመጽሐፍ ነው የምለቃቅመው።

ሙመድ፦ ማጉያውስ?

ገብረወልድ፦ ራሻም ጃፓንም ባፍንጫዬ ይውጣ!

ሙመድ፦ አልጋው?

ገብረወልድ፦ ዛሬውኑ ይገባል። ማርያምን!

ሙመድ፦ ሀዬ። [ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋል፤ ከደረት ኪሱ ፖስታ ያወጣል] የሠርጉን ፊልም ሰኞ ዕለት ለሽሬ ሰጥቼዋለሁ። ይሄ ከሱ የለመንኩት የተበላሸ ፊልም ነው።

ገብረወልድ፦ ምን?

ሙመድ፦ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ጠላቱ ብርሃን ነው፣ ጠላቱ ሙቀት ነው ስትል እሰማሃለሁ። ሦስተኛው ጠላት አንተ መሆንህ ገባኛ!

ገብረወልድ፦ [እየሳቀ፣ እንባውን እየጠረገ ፖስታውን ይነጥቃል። አንዱን ፎቶ ያያል፣ ሌላውን ያያል፤ ሳቁ ቀስ በቀስ ይጠፋል] ይሄ ምንድነው?

ሙመድ፦ ጣትህ።

ገብረወልድ፦ ይሄስ?

ሙመድ፦ እሱም ጣትህ። ከሠላሳ ስድስቱ ሠላሳ አምስቱ ጣትህ ነው። ሽሬ "ሙሽራው ይሄ ነው?" ብሎ ጠይቆኛል።

ገብረወልድ፦ [የመጨረሻዋን ያወጣል። ቱሪያ ናት፤ ሒና በተቀባ እጇ አፏን ልትሸፍን ስትል ሳቋ አምልጧት። ገብረወልድ ደረቱ ተመልሶ ይነፋል] ሙመድ! እቺን እያት! ይሄ እኮ ዕውቀት ነው! እንዲህ አድርጎ የሚያነሳ ሰው ድሬ ውስጥ አለ?

ሙመድ፦ እሷን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ካሜራውን አስይዘኸኝ ሩዝ ልትበላ ሄደህ ነበር። እኔ ምኑም አልገባኝ፣ ሳቂ አልኳት፣ ሳቀች።