ሁለት ቁልፍ ያላት ጆይስቲክ

ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ። አንዴ ከጀመረኝ ሆዴን ይዤ ካልተቀመጥኩ አይለቀኝም፤ ይህን የምጽፈውም አንድ እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ ነው። የነገሩ ጣፋጭ ክፍል መጨረሻው ላይ ስለሆነ አሁን አልነግራችሁም። ዘላችሁ መጨረሻውን ላንብብ የምትሉ ካላችሁ፣ ሰምቡሳውን ትቶ የተጠቀለለበትን ወረቀት እንደ መብላት ነውና ተዉ።

የዛሬ ዘመን ዕቃ ሁሉ ሆደ ባሻ ሆኗል፤ አላያችሁም? ስልኩ ከወደቀ ፊቱ ይሰነጠቃል፣ ቻርጅ ካጣ ይተኛል፣ ውኃ ከነካው ይሞታል። የድሮ ሬዲዮ ግን ከጠረጴዛ ወድቆ ዜናውን ካቆመበት ይቀጥል ነበር። ሰውም እንደዚያው ነው ልል አስቤ ነበር። እኔ ራሴ የድሮ ስለሆንኩ ራስን ማሞገስ እንዳይሆንብኝ ተውኩት። ቢሆንም እውነት ነው።

ናሆም የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ባቢሌ ኦቾሎኒ ትነግዳለች። እሱ ለትምህርት ብሎ ጅጅጋ እኔ ዘንድ መጣ፤ ትምህርቱ አለቀ፣ እሱ ግን አልሄደም። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ስልክ ይጠግናል፣ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ጌም ይጫወታል። በጌም የሚረታው ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ታዲያ ይህ ልጅ በቀደም ዕለት መጥቶ ደወሌ ሥራ አገኘሁ አይለኝም? ደወሌ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለች የጉምሩክ ከተማ ናት። ጋሽ ተካ የሚባል ሰው፣ ወረቀታቸው እስኪያልቅ እዚያ ለሚሰነብቱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የጌም ቤት ከፍቶ፣ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ይፈልግ ኖሯል። ናሆም ሰኞ ሊሄድ ቆርጧል።

እኔ ደግሞ እንዲሄድ አልፈለግሁም። ምክንያት ስደረድር ሰነበትኩ። ደወሌ ይሞቃል አልኩ። ውኃው ጨው ጨው ይላል አሉ አልኩ። ዝንቡ ሰው ያስነሳል አልኩ። እውነተኛው ምክንያት ግን አንድ ነው፤ እሱ ከሄደ ቤት ውስጥ የሚቀርልኝ ወሬኛ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥን ደግሞ ሲሰድቡት አይመልስም። ስድቡን የማይመልስ ሰው ጋ መኖር ምን ይጥማል?

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣ ላውርድለት ብዬ ቁም ሣጥኑ ላይ ስንጠራራ፣ ሻንጣው ቀርቶ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ራሴ ላይ ወረደ። ዐይኔ እንባ አዘለ። ከፍቼ ሳይ ጆይስቲኬ ናት። ግራጫ፣ የልብስ ሳሙና የምታህል፣ በግራዋ አራት አቅጣጫ የሚጫን መስቀለኛ ቁልፍ፣ በቀኟ ሁለት ቀያይ ቁልፎች፣ ከአናቷ ረጅም ያልሆነ ገመድ። በቃ፣ ሌላ ምንም የላትም።

እሷን ከነጌም ማሽኗ ከድንበሯ ገበያ ከውጫሌ ያመጣኋት የሃያ ዓመት ልጃገረድ ሳለሁ ነው። ያኔ ከውጫሌ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ታማሚ ነበር የሚመስለው። እህቴ ማሽኗን ሩዝ ውስጥ ቀበረች፤ እኔ ጆይስቲኳን በገዛ ገመዷ ወገቤ ላይ አስሬ ሰፊ የድሪያ ቀሚስ ለበስኩበት። ኬላው ላይ የምትፈትሸው ሴት እጇን ሆዴ ላይ አሳርፋ ስንተኛ ወር እንደገባሁ ጠየቀችኝ። «አራተኛ» አልኳት። እንደገና ጫን ጫን አድርጋ «ደረቅ ብሏል፣ ወንድ ነው» ብላ መርቃ አሳለፈችኝ። ያን ዕለት ቤት ገብቼ በሰላም ተገላገልኩ። ማሽኗ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተቃጠለች፤ ልጇ ግን ይኸው አለች።

ናሆም አገላብጦ አያትና «እቴቴ፣ ይሄ የቀበሌ ማህተም ነው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ የእሱን አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ። የእሱ ገመድ አልባ ነው፤ ሁለት የሚሽከረከሩ ዱላዎች አሉት፣ ቁልፎቹን ቆጥሬ አሥራ ሁለት ላይ ደከመኝ፣ ከሆዱም ከጀርባውም ይጫናል። የእኔዋ ዛሬም ትሠራለች ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። ግን ጠጋኝ ነዋ፤ ጠጋኝ የተዘጋ ዕቃ አይቶ እጁን መሰብሰብ ይችላል? የገመዷን ጫፍ ቆረጠ፣ ከተሰበረ የኮምፒውተር ጆይስቲክ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አወጣ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በየዳቸው። እኔ የሐኪም ቤት በር ላይ እንደ ቆመ ቤተሰብ አንገቴን አስግጌ ጠበቅሁ። ላፕቶፑ ላይ ሰካት፣ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን አገናኘው። ሠላሳ ዓመት ገደማ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተኝታ የነበረች ልጅ አንዴ ብነካት ነቃች።

አሁን ሳልዋሽ ልመስክር፤ ለዛሬ ጌም ሁሉ አትሆንም። መጀመሪያ ሰው በከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስበትን አዲስ ጌም ከፈተልኝ። አንገት የሚያዞር ቁልፍ ስለሌላት ሰውዬው ሰማይ ሰማይ እያየ ግድግዳ ሲገፋ ቆየ። «ጸሎት ላይ ነው፣ አትረብሸው» አልኩት ናሆምን። መኪና ስነዳ ደግሞ እሷ ወይ ሙሉ ግራ ነው ወይ ሙሉ ቀኝ፤ መሐል አታውቅም። መኪናዬ እንደ ሰከረ ባጃጅ እየተወለጋገደች ገደል ገባች። ጎኗም ማዕዘን ስለሆነ መዳፍ ትቆረቁራለች። ገመዷ አጭር ስለሆነ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀምጣል።

ዝላይ፣ ድብድብ፣ ተራ ኳስ ሲመጣ ግን ምን ልበላችሁ? አውራ ጣቴ እኔን ሳያማክር ሥራውን ጀመረ። እሷ ቀኝ ስትሏት ቀኝ ናት። የአዲሱ ዱላ እንደ ደላላ ነው፤ ቀኝ ስትሉት ትንሽ ወደ ላይም ይላል፣ ትንሽ ወደ ኋላም ያስባል። ይህን ሁሉ ሳይ ልቤ አበጠና ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ ዛሬ በኳስ ከረታኸኝ ትሄዳለህ፣ ከረታሁህ ትቀራለህ አልኩት። ናሆም እየሳቀ እሺ አለ። «ስንቄን ግን ከአሁኑ ጀምሪልኝ» ብሎ ጨመረበት፣ ባለጌ።

እዚህ ከተማ ያለ ዳኛ ነገር አይጀመርም። ከፊት ለፊታችን ጨርቅ የምትሸጠውን ሆዳንን ጠራሁ። አባቷ ጎሳና ጎሳ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሷ ደግሞ የሰፈሩን ነገር ወርሳለች። አጥር ለገፋም፣ ዶሮው ለጠፋበትም፣ ባሏ ለሚያኮርፍባትም የምትፈርደው እሷ ናት። ጌም የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። ለዳኝነት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? የማታውቀውን ነገር በማን በኩል ታዳላበታለች?

ሆዳን ምንጣፉ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ሻሂ በወተት አዘዘች፣ ከዚያ ሁለታችንም የያዝነውን መሐል እንድናስቀምጥ አዘዘች። በአባቷ ሥርዓት ሰዎች ከመነጋገራቸው በፊት ዱላቸው መሐል ይቀመጣል፤ ነገሩ ተብላልቶ እስኪያልቅ ማንም አያነሳም። ናሆም በሶማሊኛ አክስት ብሎ ሊያባብላት «ኢዶ ሆዳን፣ የእኔ እስክንጀምር ቻርጅ ላይ ይቆይ» ብሎ ለመነ። የቻርጁ ቀዳዳ ስለላላ መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ፣ በክብሪት ቀፎ ተደግፎ ካልሆነ አይሞላም። ሆዳን «ነገር ሳያልቅ ዕቃ አይነሳም» አለችው። አልተነሳም።

ክሴን ናሆም የኦቾሎኒ ከረጢት ታቅፎ ከመጣባት ቀን ጀመርኩ። በመሐሉ ስላስታመምኩት ኩፍኝም ተናገርኩ። እሱ ሰው በራሱ እጅ በልቶ ማደር እንዳለበት ተናገረ፤ ደህና ተናጋሪ ነው፣ በእኔ ወጥቷል። ሆዳን ሁለታችንን እያጠቃለለች ስለ ልጁ በተናገረች ቁጥር የእሱን ጆይስቲክ በጣቷ ጠቆም፣ ቆም፣ እንደገና ጠቆም ታደርገዋለች። በተነካ ቁጥር ነቅቶ ሰማያዊ መብራቱን ያበራል፤ ሊተኛ ሲል ደግሞ ትነካዋለች። እኔ መብራቱ ለሥርዓቱ ድምቀት መስሎኝ ደስ ብሎኛል። ጣፋጩ ሀልዋ መጣ፣ ሻሂው ሁለት ጊዜ ዞረ፣ አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ የተሸነፈ ሰው በዕቃው እንዳያመካኝ ሁለታችንንም አስማለችን። ማልን።

ፍርዷም ይህ ሆነ፤ ጨዋታው ሁለት አጋማሽ ይሆናል፣ እኩል ያልሆነ ዱላ የያዙ ሰዎች ስለሆንን በእረፍት እንለዋወጣለን። ናሆም በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሕግ የለም ብሎ ተከራከረ። «ዓለም ጅጅጋ መጥታ ትማር» አለችው።

የድሮውን አስመስለው በቅርብ የሠሩት የኳስ ጌም ነበር፤ ተጫዋቾቹ አጫጭር፣ ጭንቅላታቸው ትልልቅ። በመጀመሪያው አጋማሽ በአሮጊቷ ጆይስቲኬ ሦስት ለአንድ መራሁት። ሀልዋ የነካው ጣቴ እንኳ ቁልፏን አላጣበቀባትም። ሆዳን ጎል ምን እንደሆነ ስለማታውቅ እኔ ስስቅ ትጽፋለች፣ ናሆም ዝም ሲልም ትጽፋለች፤ በኋላ አስተካከልን።

ከእረፍት በኋላ ተለዋወጥን። ጉዴ ፈላ። አንዱን ስነካ ጨዋታው ይቆማል፣ ሌላውን ስነካ በረኛዬ ወደ መሐል ሜዳ ይወጣል። ናሆም ጎል ሲያገባብኝ ደግሞ ያ ዕቃ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እኔ በዕድሜዬ እጄ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር የማውቀው ዶሮ ብቻ ነው፣ እሷም ስትታረድ። «ሆዳን፣ ስልክሽ ነው» ብዬ ጭኗ ላይ ወረወርኩት። እሷ «ቢስሚላህ» ብላ ትራሱ ላይ ወረወረችው። «ዋላሎ፣ እህቴ፣ የሰው ዕቃ ምን ሆኖ ነው የሚንዘፈዘፈው?» አለችኝ። እኔ እሱን ሳነሳ ሁለተኛውን ጎል አገባ። ሦስት ለሦስት።

የገረመኝ ናሆም ነው። አሮጊቷን ይዞ ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ ሕፃን ዝም ብሏል። የቀበሌ ማህተም ብሎ የሰደባት መሆኗን ረስቷል።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር በእጄ ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ቻርጁ አልቆ ድርግም አለ። አሥራ አንዱ ልጆቼ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ቀሩ። ናሆም ኳሷን ይዞ ወደ ጎሌ ሲገሰግስ ሆዳን ብድግ ብላ በሻሿ ቴሌቪዥኑን ጋረደችው። «የቆመ ሰው አይመታም» አለች።

ነገር ተነሳ። ናሆም በዕቃ ላላመካኝ መማሌን አስታወሰኝ። እኔ ደግሞ የሞተው ዕቃ የማን እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱም በተራው፣ ሲነካኩት የዋሉት እነማን ናቸው ሲል ሆዳን ጣቷን ቀስ ብላ ሻሿ ውስጥ ሸሸገች።  «የሞተው ሞቷል፤ የቀረችው አንዲት ናት፤ በየተራ ያዟት» ብላ ፈረደች። ናሆም የቅጣት ምት መለማመጃውን ከፈተ፤ በረኛው ማሽኑ፣ መቺዎቹ እኛ፣ አምስት አምስት ምት።

አሮጊቷ ከእጅ እጅ ስትሄድ ላብ በላብ ሆነች፣ አንዴም ግን አላቃሰተችም። እኔ አራት አገባሁ። እሱ ሦስት አግብቶ አንድ ቀረው። ያንን ካገባ እኩል እንሆናለን፣ ከሳተ ቀረ። እጄን ድሪያዬ ውስጥ ሸሸግሁ፤ የምስቀው እንኳ ጠፍቶብኝ ነበር። ናሆም በር አጠገብ ያለውን ሻንጣ አየ፣ እኔን አየኝ፣ መታ። ኳሷ ብረቱን ገጭታ ወጣች።

ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ። የምትለውም ሆዳን ናት። እኔ አላምንም፤ ላቤን አፍስሼ ያሸነፍኩትን ማን ይነጥቀኛል?

የቀረው ለጋሽ ተካ መንገር ነበር። ዳኛም መስማት አለባት ተብሎ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተደረገ። ናሆም እያፈረ እንደማይመጣ ነገረው። ሰውዬው ታመህ ነው ወይ አለ፤ አይደለም። ደመወዝ አንሶህ ነው ወይ አለ፤ አይደለም። «በጌም ተሸንፌ ነው፣ አክስቴ አሸንፋኝ» አለው ልጄ።  ሰውዬው ዕድሜዬን ጠየቀ፤ ናሆም ሃምሳ አለው። በምን እንዳሸነፍኩ ጠየቀ፤ ናሆም ግራጫዋን፣ ሁለቱን ቀያይ ቁልፎች፣ ብየዳውን ዘረዘረለት። ቻርጅ አትፈልግም ወይ አለ፤ አትፈልግም። ሀልዋ አይጎዳትም ወይ አለ፤ አልጎዳትም። ጋሽ ተካ ተነፈሰ። ሾፌሮቹ ሁሉ የእኔ እኩያ እንደሆኑ፣ አዲሱን ጆይስቲክ አንስተው አገላብጠው አይተው መልሰው አስቀምጠው መኪናቸው ሥር ሄደው እንደሚተኙ፣ የጌም ቤቱ ወንበር ባዶውን እንደሚውል አጫወተን። እኔ ምንም እንደማልሰማ ሆኜ ሻሂዬን አማስላለሁ፤ ልጄ ቀርቶልኛል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ጋሽ ተካ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦ «እንግዲያው ናሆም፣ አንተ እዚያው ቆይ፤ አክስትህን ከነጆይስቲካቸው ሰኞ ላክልኝ።»